ውኃ ልኳን ያጣችው ሄሊኮፕተር፦ የአንድ ጥቃቅን ዳሳሽ ሞትና ምትክ

ኢንጄኒዩቲ የተባለችው የናሳ ትንሽ ሄሊኮፕተር ማርስ ላይ 28 ጊዜ ከበረረች በኋላ፣ ለ29ኛው በረራ ስትዘጋጅ አንድ ዳሳሽ መሞቱ ታወቀ። ሞተሯ ደህና ነበር፤ ካሜራዋም እንዲሁ። የሞተው ኢንክሊኖሜትር የሚባለው የዝንባሌ መለኪያ ነው፤ ግንበኛ በውኃ ልክ የሚሠራውን ሥራ የሚሠራላት። ሥራው አጭር ነበር፦ ክንፎቿ መሽከርከር ከመጀመራቸው በፊት ሄሊኮፕተሯ ወደየት እንደተዳፋች ይናገራል፤ ከዚያ ዝም ይላል። አየር ላይ ማንም አይጠይቀውም። ግን እሱ ሳይናገር መነሣት አይቻልም ነበር።

ማርስ ድረስ ሄዶ ዳሳሽ የሚቀይር ባለሙያ የለም። መፍትሔው የሟቹን ሥራ ለሌላ ዳሳሽ ማውረስ ሆነ። ወራሹ ደግሞ በስልክና በእጅ ሰዓት ውስጥ እንዲገባ የተሠራ፣ ከምስር ፍሬ የሚያንስ ቺፕ ነው።

ስለነዚህ ዳሳሾች ሲጻፍ ብዙ ጊዜ «ትንሽ ናቸው፣ ርካሽ ናቸው» ተብሎ ይታለፋል። እውነት ነው፤ ነገር ግን የኢንጄኒዩቲን ታሪክ በቅርብ ላየው ሰው ትንሽነቱ ራሱ ዕዳ እንዳለበት፣ ዕዳውንም ማን እንደሚከፍል ቁልጭ ብሎ ይታያል። ጉዳዩን የመረጥኩት ለዚህ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ቀኖች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

እያንዳንዱ ግራም

ኢንጄኒዩቲ ፌብሩዋሪ 18 ቀን 2021 ፐርሴቨራንስ በተባለው ሮቨር (ባለ ጎማ ሮቦት) ሆድ ሥር ታቅፋ ጄዜሮ በተባለው ሰፊ ጉድጓድ (ክሬተር) ውስጥ አረፈች። ኤፕሪል 19 ደግሞ 3 ሜትር ከፍ ብላ፣ 39 ሰከንድ ያህል አየር ላይ ቆይታ ወረደች። በሌላ ፕላኔት ላይ በሞተር ኃይል የተደረገ የመጀመሪያው ቁጥጥር ያለው በረራ ይህ ነበር። ዕቅዱ በ30 ቀን ውስጥ እስከ አምስት ጊዜ መብረር ብቻ ነበር።

የማርስ አየር ጥግግት ከምድሩ 1 ከመቶ ገደማ ነው። እንዲህ በሳሳ አየር ላይ ለመንሳፈፍ 1.2 ሜትር የሚሰፋ ክንፍ በደቂቃ ከ2,400 ጊዜ በላይ መሽከርከር ነበረበት፤ የሄሊኮፕተሯ ጠቅላላ ክብደትም 1.8 ኪሎ ላይ ቆመ። የማርስ ሮቨሮች የሚጠቀሙበት ባለ ኦፕቲካል ፋይበር የእንቅስቃሴ መለኪያ ብቻውን 750 ግራም ገደማ ይመዝናል። እሱን መጫን ማለት ከሄሊኮፕተሯ ክብደት ከመቶ አርባውን ለአንድ ዕቃ መስጠት ነው። የማይታሰብ ነው።

ስለዚህ ንድፉን የመሩት ቦብ ባላራምና ባልደረቦቻቸው ከገበያ ላይ የሚገዛ ቺፕ መረጡ። ዋናው የእንቅስቃሴ መለኪያ ቦሽ የሚሠራው ቢኤምአይ160 ነው፦ 2.5 በ3 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረቱ ከ1 ሚሊ ሜትር በታች፣ የሚፈጀው ኤሌክትሪክ ከ1 ሚሊአምፔር በታች። በዚች ቅንጣት ውስጥ ፍጥንጥነትን የሚለኩ ሦስት አክስሌሮሜትርና የመዞርን ፍጥነት የሚለኩ ሦስት ጋይሮስኮፕ አሉ። ከጎኑ የሙራታ ምርት የሆነው ኢንክሊኖሜትር ተቀመጠ፤ እሱም በውስጡ ሁለት አክስሌሮሜትር ያለው የሜምስ ዳሳሽ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ አድርገው ከክንፎቹ ንዝረት በሚከላከል መያዣ ላይ ሰቀሏቸው።

ሜምስ የሚባለው ሲሊኮን ላይ የሚቀረጽ፣ የሚንቀሳቀስ አካል ያለው ጥቃቅን ማሽን ነው። «የሚንቀሳቀስ» የሚለው ቃል ላይ ላፍታ መቆም ያስፈልጋል። ተራው ቺፕ ውስጥ የሚሮጠው ኤሌክትሮን ብቻ ነው፤ እዚህ ግን ቁስ አካሉ ራሱ ይወዛወዛል።

ውስጡ ሲታይ

አንድ አክስሌሮሜትር ብንከፍት የምናገኘው በቀጫጭን የሲሊኮን ሞላዎች የተንጠለጠለ ክብደት ነው። ከክብደቱ ጎን እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ብዙ ጣቶች ይወጣሉ፤ እነዚህ ከዳር ከተተከሉ ቋሚ ጣቶች መሀል ሳይነኩ ይገባሉ። ቺፑ ወደ ግራ ሲገፋ ክብደቱ ወደ ኋላ ይቀራል፤ አውቶቡስ ድንገት ሲነሣ ተሳፋሪ ወደ ኋላ እንደሚለው። በዚያን ጊዜ በአንድ ወገን ያለው ክፍተት ይጠባል፣ በሌላው ወገን ያለው ይሰፋል። ፊት ለፊት የቆሙ ሁለት ጣቶች ካፓሲተር ናቸው፤ ሲቀራረቡ የሚይዙት የኤሌክትሪክ ሙል ይጨምራል፣ ሲራራቁ ይቀንሳል። ዑደቱ የሚያነበው የሁለቱን ልዩነት ነው። ልዩነቱን መውሰዱ ብልሃት አለው፦ ሙቀት ሁለቱንም ወገን እኩል ቢያዛባ ዝብቱ ተጣፍቶ ይወጣል።

ይህ አሠራር የቆየ ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ላይ አናሎግ ዲቫይስስ ለመኪና ኤርባግ የሠራው አክስሌሮሜትር እስከ 50 ጂ ይለካ ነበር፤ በጣቶቹ መካከል ያለው ክፍተትም ከማይክሮሜትር እምብዛም አይበልጥም ነበር። ጂ የምንለው የምድር ስበት የሚሰጠውን ፍጥንጥነት ነው።

ኢንክሊኖሜትርም በመሠረቱ ይኸው ነው። ቆሞ ያለ ነገር ላይ የሚሠራው ኃይል ስበት ብቻ ስለሆነ፣ ክብደቱ ወደየት እንደወረደ ማወቅ «ታች» የት እንደሆነ ማወቅ ነው። ልዩነቱ አቀራረጹ ላይ ነው፦ ለዝንባሌ የሚሠራው ዳሳሽ ክብደቱ ወፈር ተደርጎ፣ የሚለካውም ክልል ጠበብ ተደርጎ ይዘጋጃል፤ ትንሽ ዝንባሌን አጥርቶ እንዲያይ።

አጥርቶ ማየት ሲባል ምን ማለት እንደሆነ በቁጥር እንየው። ክብደቱና ሞላዎቹ በሰከንድ 5,000 ጊዜ የሚወዛወዙ ዓይነት ቢሆኑ፣ በምድር ስበት ክብደቱ የሚወርደው 10 ናኖሜትር ገደማ ነው። በማርስ ስበት፣ 3.71 ሜትር በሰከንድ ካሬ፣ 3.8 ናኖሜትር ብቻ። ሄሊኮፕተሯ በአንድ ዲግሪ ስትዘነብል ደግሞ በጎን በኩል የሚመጣው ለውጥ የዚያ 1.7 ከመቶ ነው፤ 0.07 ናኖሜትር ያህል። ይህ ከአንድ የሲሊኮን አቶም ስፋት ያነሰ ነው። ከአቶም ያነሰ ርቀት እንዴት ይለካል ቢሉ፣ የሚለካው የአንድ አቶም ቦታ ስላልሆነ ነው። ክብደቱ ባንድነት ሲሸሽ በጣቶቹ ገጽ ላይ ያሉት ስፍር ቁጥር የሌላቸው አቶሞች ሁሉ አብረው ይሸሻሉ፤ ካፓሲተሩ የሚናገረው የሁሉንም አማካይ ነው። ይህን ስሌት መጀመሪያ በወረቀት ላይ ስሠራ አንድ ዜሮ የዘለልኩ መስሎኝ ደግሜ ሠርቼዋለሁ።

ጋይሮስኮፑ ሞላ ላይ ያለውን ክብደት ሆን ብሎ ወዲያ ወዲህ ያወዛውዘዋል። ቺፑ ሲዞር ኮሪዮሊስ የሚባለው ኃይል የሚወዛወዘውን ክብደት ወደ ጎን ይገፋዋል፤ የመገፋቱ መጠን የመዞሩን ፍጥነት ይናገራል። የተቀረው ንባብ ያው የካፓሲተር ነው።

አሠራሩ ደግሞ የኮንክሪት ሥራ ያየ ሰው በቀላሉ ይገባዋል። ዋፈር በሚባለው ስስ የሲሊኮን ሰሌዳ ላይ መጀመሪያ የሲሊኮን ኦክሳይድ ንጣፍ ይደረጋል፤ በላዩ ሲሊኮን ይለበጣል፤ ክብደቱ፣ ሞላውና ጣቱ በብርሃን ተስሎ ይቀረጻል። ከዚያ በአሲድ ኦክሳይዱ ብቻ ይበላል፤ ካሳፎርማው ሲነቀል ወለሉ በአየር ላይ እንደሚቀር፣ ክብደቱም ተንጠልጥሎ ይቀራል። አንድ ዋፈር ላይ በሺዎች የሚቆጠሩ እንዲህ ያሉ ማሽኖች ባንድ ጊዜ ይወለዳሉ። ርካሽነታቸው የሚመጣው ከዚህ እንጂ የሚፈጁት ጥሬ ዕቃ ጥቂት ስለሆነ ብቻ አይደለም፦ አንዱን መሥራትና ሺውን መሥራት አንድ ዓይነት ድካም ነው።

ጥንካሬያቸውም ከትንሽነታቸው ይመጣል። ቢኤምአይ160 ለቅጽበት 10,000 ጂ ድንጋጤ እንዲችል ተደርጎ የተሠራ ነው። የሚያስፈራ ቁጥር ይመስላል፤ ግን አንድ ማይክሮግራም የሚመዝን ክብደት በ10,000 ጂ ሞላውን የሚጎትተው 10 ሚሊግራም በሚመዝን ነገር ልክ ነው፤ የአንዲት የሩዝ ፍሬ ግማሽ። ትልቅ ዕቃ ሲወድቅ የሚሰበረው ክብደቱ ስለሚጎዳው ነው። እነዚህ የሚጎዳቸው ክብደት የላቸውም።

ዕዳው

አሁን ወደ ድክመቱ። አክስሌሮሜትር ቦታን አይለካም፤ ፍጥንጥነትን ነው የሚለካው። ቦታ ለማግኘት ኮምፒውተሩ ፍጥንጥነትን ደምሮ ፍጥነት፣ ፍጥነትን ደምሮ ርቀት ያወጣል። ሲደምር ስሕተቱንም አብሮ ይደምራል። ዳሳሹ ከምድር ስበት አንድ ሺህኛ ያህል፣ ማለትም 0.01 ሜትር በሰከንድ ካሬ፣ ቢሳሳት ከ1 ሰከንድ በኋላ ስሕተቱ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ነው፤ ማንም አያየውም። ከ10 ሰከንድ በኋላ ግማሽ ሜትር ይሆናል። ከ100 ሰከንድ በኋላ 50 ሜትር።

ኢንጄኒዩቲ ይህን ዕዳ ትከፍል የነበረው ወደ ታች በሚያይ ጥቁርና ነጭ ካሜራና ከፍታ በሚለካ ሌዘር ነው። ካሜራው በሰከንድ 30 ፎቶ ያነሣ ነበር፤ ኮምፒውተሩ ጠጠሮችንና ጥላዎችን እያሳደደ የተንሸራተተውን ግምት ይመልስ ነበር። በፎቶና በፎቶ መካከል ያለውን ክፍተት ይሸፍን የነበረው የሜምሱ ቺፕ ነው፤ የቁጥጥሩ ሥርዓት በሰከንድ 500 ጊዜ ክንፎቹን ያስተካክል ነበር።

የሁለቱ ዝምድና ምን ያህል እንደሆነ በ6ኛው በረራ ታይቷል። ሜይ 22 ቀን 2021 ኢንጄኒዩቲ በ10 ሜትር ከፍታ እየተጓዘች ሳለ፣ ከተነሣች 54 ሰከንድ ያህል ሲሆን አንድ ፎቶ ጠፋ። አንድ ፎቶ መጥፋቱ ቀላል ነበር። ችግሩ ከዚያ በኋላ የመጡት ፎቶዎች ሁሉ የተሳሳተ ሰዓት ተለጥፎባቸው መምጣታቸው ነው። ኮምፒውተሩ ካሜራው ያየውንና ቺፑ የተናገረውን ሲያስተያይ ሁልጊዜ የማይገጥም ሆነበት፤ የሌለ ስሕተት ለማረም መሟገት ጀመረ። ሄሊኮፕተሯ እስከ 20 ዲግሪና ከዚያም በላይ ወዲያና ወዲህ እየተንጋደደች በረረች።

ወደ መሬት ስትቃረብ ግን ረጋች። ምክንያቱ ከንድፉ የተገኘ ነው፦ ለማረፍ የመጨረሻው ደረጃ ላይ ስትደርስ ሶፍትዌሩ የካሜራውን ፎቶ ሆን ብሎ ይተዋል። ለእነዚያ ጥቂት ሰከንዶች ቺፑ ብቻውን ሊታመን ይችላል፤ ዕዳው ገና አልበዛም። ካሰቡት ቦታ በ5 ሜትር ገደማ ልዩነት አረፈች። እንግዲህ ቺፑን ካሜራው ሲያርመው ከርሞ፣ ካሜራው ሲሳሳት ቺፑ አዳናት።

ክረምት

በ2022 የማርስ ክረምት ገባ። ፀሐይ ዝቅ አለች፣ በአየር ላይ ያለው አቧራ በዛ፣ በሄሊኮፕተሯ አናት ላይ ያለችው የፀሐይ ሰሌዳ ባትሪውን ሞልታ ማሳደር አቃታት። ሜይ 3 ቀን ሌሊት ኃይል አለቀባት፤ ሰዓቷ ወደ መነሻው ተመለሰ፤ ከሮቨሩ ጋር የነበራት ግንኙነት ተቋረጠ። ከሁለት ቀን በኋላ ቢገናኙም የኑሮ ዘይቤዋ ተለወጠ። ቀድሞ ሌሊቱን ሙሉ ራሷን ታሞቅ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን ውስጧ ከዜሮ በታች እስከ 80 ዲግሪ እንዲወርድ መተው ግድ ሆነ።

ለኤሌክትሮኒክስ አስቸጋሪው ብርዱ ብቻ አይደለም፤ በየቀኑ መመላለሱ ነው። ሲሊኮን ሙቀት ሲለዋወጥ እምብዛም አይለጠጥም፣ አይኮማተርም። የተበየደበት ሰሌዳና ብየዳው ግን ከእሱ ብዙ እጥፍ ይለጠጣሉ፣ ይኮማተራሉ። በየሌሊቱ አንዱ ሲጎትት ሌላው እምቢ ይላል። ስለ ሜምስ ስናወራ የሚወዛወዘውን ክብደት እናደንቃለን፤ በኔ እይታ ግን የዳሳሽ ዕድሜ የሚወሰነው አብዛኛውን ጊዜ በክብደቱ ሳይሆን ክብደቱን ከዓለም ጋር በሚያገናኘው ሽቦ፣ ብየዳና ሽፋን ነው።

ኢንክሊኖሜትሩ የሞተው በዚህ ወቅት ነው። ወደ ኮምፒውተሩ የሚልከው ፓኬት (የመረጃ ጥቅል) ትርጉም የሌለው ቁጥር ሆነ።

ምትኩ

እዚህ ላይ የዋና አብራሪው የሆቫርድ ግሪፕ ቡድን ዝግጅት መጠቀስ አለበት። ከመጀመሪያው በረራ በፊት ገና ይህ ቀን ሊመጣ እንደሚችል አስበው፣ የእንቅስቃሴ መለኪያው ቺፕ በኢንክሊኖሜትሩ ፋንታ ሊሠራ ይችል እንደሆነ ፈትሸው ነበር። ይችላል። ስለዚህ ማስተካከያ ኮድ ጽፈው አስቀመጡ፤ ከአንድ ዓመት በላይ ሳይነካ ተቀመጠ።

ሐሳቡ እንዲህ ነው፦ ሁለቱም ዳሳሾች በውስጣቸው ያለው ያው ሞላ ላይ የተንጠለጠለ ክብደት ነው። አንዱ ለቆመ ነገር፣ ሌላው ለሚንቀሳቀስ ነገር ተስተካከለ እንጂ ሁለቱም የሚጠይቁት «ክብደቱ ወደየት አዘነበለ?» የሚለውን ነው። ሄሊኮፕተሯ መሬት ላይ ቆማ እስካለች ድረስ የእንቅስቃሴ መለኪያው አክስሌሮሜትሮችም የሚሰማቸው ስበትን ብቻ ነው።

ኮዱ የተጻፈበት መንገድ የበለጠ ያስደስታል። የበረራውን ሶፍትዌር ሁሉ ነካክተው ኢንክሊኖሜትር የሚባል ነገር ከውስጡ አላወጡም። ከሟቹ ዳሳሽ የሚመጣውን የማይረባ ፓኬት መንገድ ላይ ጠብቆ የሚይዝ፣ በምትኩ ከእንቅስቃሴ መለኪያው የተሠራ ፓኬት የሚያስገባ ትንሽ ቁራጭ ኮድ ሰኩ። ለቀረው ሶፍትዌር ምንም አልተለወጠም፤ ኢንክሊኖሜትሩ እንደወትሮው እየተናገረ ይመስለዋል። በሚሊዮን ኪሎ ሜትሮች ርቀት ያለን፣ የሚሠራን ሶፍትዌር ሲነኩ ጥቂት መንካት ትልቅ ጥበብ ነው።

ዋጋ ግን ተከፍሎበታል። የእንቅስቃሴ መለኪያው ለቆመ ነገር ዝንባሌ ተብሎ አልተስተካከለም፤ የዜሮ ነጥቡ ይሸሻል። ማርስ ላይ ደግሞ ይህ ይብሳል። አክስሌሮሜትሩ በ10 ሚሊጂ (ሚሊጂ የአንድ ጂ ሺህኛ ነው) ቢሳሳት ምድር ላይ የሚያመጣው የዝንባሌ ስሕተት 0.6 ዲግሪ ገደማ ነው። የማርስ ስበት ከምድሩ 38 ከመቶ ስለሆነ፣ ያው ስሕተት እዚያ 1.5 ዲግሪ ይሆናል። ስሕተቱ አልጨመረም፤ የሚነጻጸርበት ስበት ነው ያነሰው። ቡድኑ የመነሻው ግምት ጥራት ትንሽ እንደሚቀንስ አውቆ ተቀበለው፤ ከተነሣች በኋላ ካሜራው ስለሚያርመው።

ጁን 11 ቀን 2022 ኢንጄኒዩቲ 29ኛውን በረራ በረረች። ከአንድ ደቂቃ በላይ፣ ወደ 180 ሜትር ገደማ ተጓዘች። ውኃ ልኩ ከሞተ በኋላ ከመሬት የተነሣችበት ጊዜ ያንን ጨምሮ 44 ደርሷል።

72ኛው

ጃንዋሪ 18 ቀን 2024 የተደረገው የመጨረሻው በረራ አጭር ነበር፦ 12 ሜትር ወደ ላይ፣ ጥቂት ሰከንድ መንሳፈፍ፣ ከዚያ መውረድ። የተነሣችበት ቦታ ግን እንደ መጀመሪያዎቹ በረራዎች ጠጠር የበዛበት ሜዳ አልነበረም። ለስላሳ የአሸዋ ማዕበል ነው፤ ካሜራው የሚያሳድደው ምልክት እምብዛም የለም። በዲሴምበር 2024 የቀረበው ምርመራ እንዳስረዳው የአቅጣጫ ሥርዓቱ በቂ መረጃ አላገኘም፤ ሄሊኮፕተሯም ወደ ጎን እየተንሸራተተች አሸዋው ተዳፋት ላይ በኃይል አረፈች። በድንገተኛው መንጋደድ አራቱም ክንፎቿ ከጫፋቸው አንድ ሦስተኛ ያህል ላይ ተሰበሩ።

በ6ኛው በረራ ካሜራው ውሸት ተናገረ፤ በ72ኛው የሚናገረው አጣ። ቺፑን የሚያርመው ሲጠፋ የድምር ስሕተት ምን እንደሚያደርግ ከላይ ባለው ስሌት አይተናል።

ክንፍ ባይኖራትም ኤሌክትሮኒክሷ ከዚያ አደጋ ተርፏል። በ2024 የተጫነላት ሶፍትዌር በየቀኑ እንድትነቃ፣ የፀሐይ ሰሌዳዋን፣ ባትሪዋንና ኮምፒውተሯን እንድትፈትሽ፣ ሙቀት እንድትለካና ከፊቷ ያለውን አሸዋ አንድ ፎቶ እንድታነሣ ያዝዛታል። ማህደሯ የ20 ዓመት ያህል መዝገብ ይይዛል።